ባቲ ድል ወንበራ

አንባቢ ሆይ! በካማሺ ገበያ ሚዛን ይዘህ ብትቀመጥ ወይም በቤትህ ከልጆችህ ጋር ብትሆን፥ የዚህችን ሴት ታሪክ በማስተዋል አድምጥ።

ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዥ የማህፉዝ ልጅ፥ የኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ባለቤት ነበረች። አባትዋ በ1517 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ ወደቀ። ባልዋ ሲዘምት እርስዋ ከቤት አልቀረችም፤ ሁለት ወንዶች ልጆችዋንም በዘመቻ ላይ ሳለች ወለደች። በ1543 ኢማሙ በወይና ደጋ ሲገደል ልጅዋ መሐመድ ተማረከ፤ እርስዋም ወደ ሐረር ሸሸች።

ባልዋን ያጣች ልጅዋንም የተነጠቀች ሴት ምን ታደርግ? በለቅሶ አልተቀመጠችም። የንጉሡ የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ አስቀድሞ በኢማሙ ሠራዊት ተማርኮ ወደ የመን ተልኮ ነበርና፥ ተደራድራ ምርኮኛውን በምርኮኛ አስለወጠች። በዚህም ሁለት እናቶች፥ አንዲቱ እስላም አንዲቱ ክርስቲያን፥ ልጆቻቸውን በሕይወት አገኙ። ሚናስም ኋላ ነገሠ።

ከዚያም የባልዋን ደም እንዲመልስላት ሽታ የኢማሙን የእኅት ልጅ ኑርን አገባች። ኑር ሐረርን በጀጎል ግንብ አጠረ፤ በ1559ም ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ። ደሙ ተመለሰ፤ የሞተው ግን አልተመለሰም። በኑር ዘመን ሐረርን ጽኑ ረሀብ መታት።

እንግዲህ ነጋዴ ሆይ፥ የልውውጥን ትርፍ የምታውቅ አንተ ሁለቱን ሥራዎችዋን በሚዛን አኑር። በቀል አንድም ሙት አላስነሣም፤ ውል ግን ሁለት ሕያዋንን ለቤታቸው አበቃ። ስለዚህ የቤትህን ሴት ምክር አትናቅ፤ ከባላጋራህም ጋር ለመስማማት አትዘግይ። አላህ ልባችንን ለዕርቅ ይክፈትልን። አሚን።