የአበበ ቢቂላ እግርና ጫማ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ፤ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅም ለማራቶን በቃ።

ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ እግሩን አልተመቸውም። በባዶ እግር መሮጥ ለምዶ ነበርና ጫማውን ትቶ ተሰለፈ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አደረገ። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና 5 ሳምንት ቢሆነው ነው፤ ሆኖም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ታዲያ 3 ደቂቃ የቀነሰለት ጫማው ነው እንበል? የለም፤ መንገዱም፣ አየሩም፣ የ4 ዓመት ልምምዱም አለ።

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ያም ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ዒላማ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

የጫማው ነገር ግን አላረፈም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ 138 ግራም በሚመዝን፣ 500 ዶላር በሚሸጥ ጫማ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገባች፤ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት 18 ሴኮንድ ቀድማ ማለት ነው። የዓለም አትሌቲክስ ከዚያ በፊት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የጎዳና ውድድር ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ደንቡ የሶሉን ውፍረት ይለካል እንጂ የሯጩን ኪስ አይለካም። የኮተቤን ዳገት በተቀደደ ሸራ ጫማ ለሚወጣው ልጅ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ ተማሪዎቻችሁን ለሩጫ ስታሰልፉ ሰዓት ብቻ አትያዙ፤ እግራቸውንም እዩ።