የሜክሲኮው ካህን ቶሪቢዮ ሮሞ

በሜክሲኮ አገር ሃሊስኮ በሚባለው ግዛት ሳንታ አና ደ ጓዳሉፔ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ቶሪቢዮ ሮሞ በዚህች መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አፕሪል 16 ቀን ተወለደ። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። አባቱ ፓትሪሲዮ እናቱም ሁዋና ይባሉ ነበር። ሁለቱም ምድር እያረሱ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ፤ ነገር ግን እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ።

ቶሪቢዮ ማሪያ የምትባል ታላቅ እኅት ነበረችው። እርስዋም የልጁን አእምሮ አይታ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ወላጆቹን መከረቻቸው። በገበሬ ቤት አንድን ወንድ ልጅ ከሥራ ለይቶ ለትምህርት መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ወላጆቹ ግን ምክርዋን ሰሙ፤ ቶሪቢዮም ገና ልጅ ሳለ ሳን ሁዋን ደ ሎስ ላጎስ በሚባለው ከተማ ወዳለው የካህናት ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም በ1920 ዓ.ም. ወደ ጓዳላሃራ ከተማ ሄዶ ትምህርቱን ቀጠለ።

በዚያን ዘመን የሃሊስኮ ጐልማሶች እርሻቸውን እየተዉ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ወደ አሜሪካ ይሄዱ ነበር። የምድር ባቡር መንገድ ከተሠራ ወዲህ መንገዱ ቀልሎላቸው ነበርና። ቶሪቢዮ ይህን ነገር አልወደደውም። ስለዚህ ተማሪ ሳለ ወደ ሰሜን እንሂድ የሚል ስም ያለው አስቂኝ ተውኔት ጻፈ። በተውኔቱም አገሩን ትቶ ሄዶ የባዕድን ልማድ ለብሶ በትዕቢት የሚመለሰውን ሰው አፌዘበት። ይህን ነገር አንባቢው አይርሳው፤ ኋላ የሆነው ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ የሚያስደንቅ ነውና።

በ1922 ዓ.ም. ዲሴምበር 23 ቀን ቶሪቢዮ ቅስና ተቀበለ። ዕድሜው ገና ስላልደረሰ ልዩ ፈቃድ አስፈልጎት ነበር። የመጀመሪያ ቅዳሴውንም በ1923 ዓ.ም. ጃንዋሪ 5 ቀን በትውልድ መንደሩ ቀደሰ። ከዚያ በኋላ ሳዩላ፥ ቱክስፓን፥ ያዋሊካና ኩኪዮ በሚባሉት አገሮች እየተዘዋወረ አገለገለ። ከሁሉም ይልቅ ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ማስተማር ይወድ ነበር።

በ1926 ዓ.ም. ግን ክፉ ዘመን መጣ። የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ፕሉታርኮ ካዬስ ቤተ ክርስቲያንን የሚያስጨንቅ ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ ካህን በአደባባይ በክህነት ልብሱ ቢታይ ይቀጣ ነበር፤ የውጭ አገር ተወላጆች የሆኑ ካህናትም ከአገር ተባረሩ። ጳጳሳቱም ይህን ሕግ ተቃውመው በየቤተ ክርስቲያኑ የሚደረገውን ቅዳሴ አቆሙ። በብዙ ስፍራ ገበሬዎች ጦር መሣሪያ አንሥተው ከመንግሥት ጋር ተዋጉ። ይህም ጦርነት እስከ 1929 ዓ.ም. ድረስ ቆየ፤ በሁለቱም ወገን ብዙ ሕዝብ አለቀ። አባ ቶሪቢዮና የኩኪዮ ቆሞስ የነበሩት አባ ሁስቲኖ ኦሮና በዚያን ጊዜ መንደር ለመንደር እየሸሹ ሕዝባቸውን በስውር ያገለግሉ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. አባ ቶሪቢዮ ተኪላ ወደምትባለው ከተማ ተላከ። በተኪላ ዙሪያ እሬትን የሚመስል ቅጠሉ ወፍራም ተክል ይበቅላል፤ ሰዎች ከእርሱ የአልኮል መጠጥ ይጠምቃሉ፤ መጠጡም በከተማዪቱ ስም ይጠራል። ለካህን ያች ከተማ እጅግ አስፈሪ ነበረች። ስለዚህ አጉዋ ካሊየንቴ በሚባል ሸለቆ፥ ባዶውን በተተወ የመጠጥ መጥመቂያ ቤት ተሸሸገ። በዚያ ቤት ይቀድስ፥ ሕፃናትንም ያስተምር ነበር። ማሪያ አብራው ሆና ቤቱን ትጠብቅለት ነበር፤ ታናሽ ወንድሙም ሮማን እንደ እርሱ ካህን ሆኖ ሊረዳው መጣ።

በ1928 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር አባ ቶሪቢዮ ወንድሙን ወደ ጓዳላሃራ ላከው። ሲሰናበተውም የታሸገ ደብዳቤ ሰጠው፤ ሳያዘውም እንዳይከፍተው ነገረው። በዚያ ደብዳቤ ያረጁ ወላጆቻቸውንና እንደ እናት ያሳደገቻቸውን እኅታቸውን አደራ ሰጥቶት ነበር። ደግሞም ለሙታን ሊቀድሰው ቃል የገባው ሁለት ቅዳሴ እንዲቀደስለት ለመነው። በመጨረሻም ለያዋሊካ ቆሞስ ያለበትን ሦስት ፔሶ ከሃምሳ ሳንቲም ዕዳ እንዲከፍልለት አዘዘው። ሞት በደጁ ቆሞ ሳለ ሦስት ፔሶ አልረሳም። ብዙ ሰው በጤናው ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለውን ትንሽ ዕዳ ይረሳል።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን የደብሩን መዝገብ ሲያስተካክል ዋለ፥ አመሸም። በማግሥቱ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሊቀድስ ተነሣ፤ ነገር ግን ድካም ስለ በረታበት ጥቂት ሊያርፍ ተመልሶ ተኛ። ያን ጊዜ ወታደሮች ግንቡን ዘለው ገቡ። ከተኛበትም አገኙት። እርሱም ካህን መሆኑን አልካደም፤ እንዳይገድሉት ብቻ ለመናቸው። እነርሱ ግን ተኮሱበት። ጥቂት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ሁለተኛ ተኮሱበት፥ በእኅቱም ክንድ ላይ ወደቀ። ማሪያም ወንድምዋን አቅፋ ነፍሱን ለክርስቶስ አደራ ሰጠች። ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ። ገዳዮቹ ሬሳውን ወደ ተኪላ አስወስደው በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ጣሉት። የከተማው ሰዎች ግን አንሥተው ቀበሩት። ከሃያ ዓመት በኋላ ዐፅሙ ወደ ሳንታ አና ተመልሶ የመጀመሪያ ቅዳሴውን በቀደሰበት መንደር ዐረፈ። አባ ሁስቲኖ ኦሮናም በዚያው በ1928 ዓ.ም. ጁላይ 1 ቀን ተገድለው ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ሜይ 21 ቀን የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ አባ ቶሪቢዮን ከሌሎች 24 የሜክሲኮ ሰማዕታት ጋር ቅዱስ ብለው ሰየሙት። ነገር ግን ስሙ ከዚያ አስቀድሞ በስደተኞች ዘንድ መሰማት ጀምሮ ነበር። ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ በምድረ በዳ ውሃ አልቆባቸው የጠፉ ሰዎች አንድ ጐልማሳ እንደ ተገለጠላቸው ይናገራሉ። ውሃና ገንዘብ ሰጥቶ፥ መንገዱንም አሳይቶ፥ ሲሳካላችሁ ወደ ሳንታ አና መጥታችሁ ጠይቁኝ ይላቸው ነበር ይባላል። በኋላም እዚያ ሲደርሱ የረዳቸውን ሰው ፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ያገኙታል። ይህ በሕዝብ አፍ የሚነገር እንጂ ቤተ ክርስቲያን መርምራ ያጸደቀችው ተአምር አይደለም። የሚናገሩት ሰዎች ግን ብዙዎች ናቸው፤ ያ ምድረ በዳም ብዙዎችን በጥም እንደ ገደለ የታወቀ ነው።

ዛሬ የስደተኞቹ ቤተሰቦች በካሊፎርኒያና በሌሎችም የአሜሪካ ግዛቶች ምስሉን በየቤታቸው ያቆማሉ፤ ትንሹን ሥዕሉን ከገንዘብ ቦርሳቸው ውስጥ የሚይዙም አሉ። ወደ ሳንታ አና የሚመጡት ደግሞ በመቃብሩ አጠገብ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍና የምስጋና ደብዳቤ ያኖራሉ። ተማሪው ቶሪቢዮ በተውኔቱ ከአገራችሁ አትውጡ ብሎ የመከራቸው የእነዚያ ገበሬዎች የልጅ ልጆች፥ ወደ ሰሜን ከመነሣታቸው አስቀድሞ ወደ መቃብሩ መጥተው ለመንገዳቸው ጸሎት ይለምኑታል።