የሻይ መምህሩ ሪኪዩ

ሴን ኖ ሪኪዩ እ.ኤ.አ. በ1522 በጃፓን የወደብ ከተማ በሳካይ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ የሻይ ሥርዓት ተማረ። ሻዩ እንደ እኛው ቅጠሉ የሚፈላ አይደለም፤ በድንጋይ ወፍጮ የላመ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ማቻ ይሉታል። ሙቅ ውኃ ተጨምሮበት በቀርከሃ መምቻ ይመታና ከነዱቄቱ ይጠጣል።

የዘመኑ ጌቶች ውድ የቻይና ዕቃ ይደረድሩ ነበር። ሪኪዩ በእጅ የተሠራ ጥቁር ሸክላ መረጠ። የሻይ ቤቱን አጠበበ፣ በሩንም ዝቅ አደረገ፤ መኳንንቱ ሰይፋቸውን ውጭ ትተው ጎንበስ ብለው ይገቡ ጀመር። የላሊበላን ጠባብ መተላለፊያዎች ለምናውቅ ይህ አይገርመንም።

በ1587 ገዢው ሂዴዮሺ በኪዮቶ፣ ኪታኖ በሚባል ስፍራ ታላቅ የሻይ ግብዣ ሲጠራ ሪኪዩ ከአስተናባሪዎቹ አንዱ ነበር። ድሃ ሀብታም ሳይባል ማንቆርቆሪያና ጽዋ ያለው ሁሉ ተጠራ። ሻይ የሌለው የተቆላ እህል ዱቄት ይዞ እንዲመጣ ተፈቀደለት፤ የእኛ በሶ ማለት ነው። ከታሪኩ ሁሉ እኛ የሒሳብ ክፍሎች የወደድነው ይህን ነው። ስኳር አጥታ ከማኅበር ቡና የምትቀር እህት በእኛስ ዘንድ የለችም?

በ1591 ሂዴዮሺ ተቆጥቶ ሪኪዩ ራሱን እንዲያጠፋ አዘዘው፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዕድሜው ሰባ ገደማ ነበር። ከዘሩ የወጡ ሦስት ቤቶች ሥርዓቱን ዛሬም በኪዮቶ ያስተምራሉ።