ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልና ዕለታዊ የሕሊና ምርመራ

ከብቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ ጉንደ ወይን ሲደርስ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መንገድ ያገኛል። ያን መንገድ ይዞ ቢሄድ መርጡለ ማርያም ይደርሳል፤ ይህችም ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ እስከ ዛሬ የሚታይባት፥ በጎጃም ከከበሩት ገዳማት አንዲቱ ናት። በዚያው አገር ዲቦ በሚባል ስፍራ በ1783 ዓመተ ምሕረት አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ገብረ ሚካኤል ተባለ። እኔ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ የእኒህን አባት ታሪክ ለመጻፍ ያሰብሁትም በዚያው መንገድ ላይ ነው።

ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በቀረችው በአንዲቱ ዓይን መጻሕፍትን ተማሩ። የጎጃምን የቅኔ ቤት ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ተማሪው ቀን ሙሉ ለብቻው ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና ያበጀውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፥ ምሥጢሩ ያልገጠመውን ያርማል። ተማሪው አፍሮ ስሕተቱን የሸፈነ እንደ ሆነ አይማርም። እኔም ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ጥቂት ወራት ከቅኔ ቤት ደጅ ተቀምጬ ይህን አይቻለሁ፤ ስለ ሕሊና ምርመራ ባሰብሁ ቍጥር በዓይኔ የሚመጣው ይኸው ነገራ ነው።

ገብረ ሚካኤል በመርጡለ ማርያም መነኰሱ። ነገር ግን ቆብ መድፋት ብቻ አላረካቸውም። የቀደሙት መነኰሳት ሥርዐት እንዴት ነበረ፥ በዘመናቸው ያለውስ ኑሮ ስለ ምን ከዚያ ራቀ የሚል ጥያቄ በልባቸው አደረ። ስለዚህም ከአለቆቻቸው ፈቃድ ተቀብለው ከገዳም ወደ ገዳም እየዞሩ መጻሕፍትን መረመሩ። ዓመታት አለፉ፤ የፈለጉትን ግን አላገኙም።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። የሌላውን ጕድለት መመርመር የምርመራ መጀመሪያ ይመስላል፤ ብዙዎቻችንም ከዚያ አናልፍም። እኔ ባንድ ወቅት ከወንድሜ ጋር ስለ እርሻ ድንበር ተጣላሁ። በየማታው ተንበርክኬ ቀኑን በእግዚአብሔር ፊት እቈጥር ነበር፤ ይህንንም ጸሎት ብዬ እጠራው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሞጣ ስሄድ ጉንደ ወይን ላይ ከመንገዱ መታጠፊያ አጠገብ ተቀምጬ ሳርፍ፥ በነዚያ ሌሊቶች ሁሉ የቈጠርሁት የወንድሜን በደል እንጂ የራሴን እንዳልሆነ ተገለጠልኝ። ወንድሜን በሽማግሎች ፊት በክፉ ቃል አዋርጄው ነበር፤ ያ ቃል አንድ ማታ ስንኳ ወደ አሳቤ አልመጣም። በማግሥቱ ወደ ብቸና ተመለስሁ። ድንበሩን ማን እንዳለፈ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ስለ ክፉው ቃሌ ግን ይቅር ብሎኛል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ጎንደር ሄዱ። ያ ዘመን የሃይማኖት ክርክር የበዛበት፥ መሳፍንቱም እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ዘመን ነበረ፤ ጎጃም ቅባት የሚባለው ትምህርት የጸናበት አገር ሲሆን ሌላው አገር ሌላ ትምህርት ይዞ ነበር። እርሳቸውም እያስተማሩ ይመረምሩ ነበር። በስማቸውም ታላቅ ሆኑ፤ ዐፄ ዮሐንስ ሣልሳዊ ከደቀ መዛሙርታቸው እንደ ነበሩ ይነገራል። እንዲህ ያለ ክብር ላገኘ መምህር፥ የያዝሁት ትምህርት ምናልባት ስሕተት ይሆንን ብሎ ራሱን መጠየቅ እጅግ የሚከብድ ነገር ነው። በደቀ መዛሙርት መካከል የሚኖር ሰው መልስ መስጠትን ይለምዳልና።

በ1833 ዓመተ ምሕረት የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞች ላኩ። አባ ገብረ ሚካኤልም ኢየሩሳሌምን ለማየት ይመኙ ነበርና ከመልእክተኞቹ ጋር ተነሡ። በጕዞው ከእነርሱ ጋር ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ የሚባሉ፥ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚታወቁ የኢጣሊያ ሰው ነበሩ፤ እኒህም ከአንድ ዓመት ያህል በፊት ወደ ዐድዋ የመጡ የካቶሊክ ሚስዮናዊ ናቸው። ከግብጽ ወደ ሮማ፥ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ስለ ጕዞው ብዙ የሚነገር ነበረ፤ እኔ ግን አልፈዋለሁ፤ ሰውን የሚለውጠው ያየው አገር ብዛት አይደለምና።

ከተመለሱ በኋላ በ1836 ዓመተ ምሕረት አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ኀምሳ ሦስት ዓመት ያህል ነበረ፤ መምህር ሆነው የተቀበሉአቸው አቡነ ያዕቆብም በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያንሱአቸው ነበር። ሽበት ያወጣ የጎጃም ሊቅ፥ ከእርሱ ከሚያንስ፥ ቋንቋውንም በቅርቡ ከተማረ የውጭ አገር ሰው እግር በታች ተቀመጠ። ስለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ጋር የማይስማማ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ የእርሱ ክርክር የዚህች ትንሽ መጽሐፍ ጕዳይ አይደለም። እኔን የሚያስደንቀኝ፥ ያን ያህል ዓመት ሲያስተምሩት የኖሩትን ነገር እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ እንደ ገና ለእርማት ማቅረባቸው ነው።

አቡነ ያዕቆብ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ካህን ነበሩ። የዚህ ማኅበር ሥርዐት በ1650 ዓመተ ምሕረት በፈረንሳይ አገር ለማኅበርተኞቹ የተሰጠ ሲሆን፥ በየቀኑ የሕሊና ምርመራ እንዲደረግ ያዛል፤ ከምሳ በፊትና ከእራት በፊት አጭሩ ምርመራ፥ ከመኝታ በፊት ደግሞ የቀኑ ሁሉ ምርመራ ይደረጋል። አባ ገብረ ሚካኤልም ከዚህ ማኅበር ጋር በአንድነት ኖሩ፤ በአጋሜ በጓላ በነበረው የተማሪዎች ቤትም አስተማሩ።

የማታው ምርመራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ በቀኑ ስለ ተቀበሉት በጎ ነገር ሁሉ እግዚአብሔርን ማመስገን ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ምርመራው ወደ ተስፋ መቍረጥ ይወስደዋል። ቀጥሎ ብርሃን መለመን ነው፤ ሰው በራሱ ዓይን ብቻ ራሱን አያይምና። ከዚያም ቀኑን ከማለዳ ጀምሮ በየሰዓቱ መከተል ነው፤ ከማን ጋር ተገናኘሁ፥ ምን ተናገርሁ፥ ምን ዝም አልሁ፥ በገበያ ሚዛን ላይ እጄ እንዴት ነበረ፥ በቤት ለሚስቴ፥ ለሠራተኛዬ፥ ለለማኝ እንዴት መለስሁ። በደል የተገኘ እንደ ሆነ ይቅርታ መለመን፥ ለነገም አንድ ነገር መቍረጥ ነው። አጭሩ ምርመራ ደግሞ አንድ በደል ብቻ ይዞ መከታተል ነው፤ ቍጣ እንደ ሆነ ቍጣን፥ ሐሰት እንደ ሆነ ሐሰትን። የእስጳንያው ቅዱስ ኢግናጥዮስ በወደቀ ቍጥር በመስመር ላይ ነጥብ እንዲደረግ፥ የዛሬው ከትናንት ጋር እንዲተያይ አስተምሮ ነበር። አንድ የማውቀው የደብረ ወርቅ ገበሬ መጻፍ ስለማይችል በኪሱ ባቄላ ይይዛል፤ ምላሱ በዳተው ጊዜ አንዷን ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራው ያሻግራል፤ ማታ ይቈጥራል። ከመጽሐፍ አዋቂዎች ይልቅ ይህን ሰው አከብረዋለሁ።

በዚያ ቤት አባ ገብረ ሚካኤል የክርስቲያን ትምህርት መጽሐፍ በማዘጋጀት፥ ስለ ምግባር የተጻፈውንም ወደ አገር ቋንቋ በመመለስ አቡነ ያዕቆብን ረዱ። ስለ በጎና ስለ ክፉ ሥራ የሚናገር መጽሐፍን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚመልስ ሰው ለእያንዳንዱ በደል ትክክለኛውን ስም መፈለግ አለበት፤ ለሌላው ብሎ የፈለገው ስም ለራሱ እንደሚሆን የሚያውቅም እርሱው ነው። በ1843 ዓመተ ምሕረት፥ በስድሳ ዓመታቸው፥ ከአቡነ ያዕቆብ እጅ የክህነት ማዕርግ ተቀበሉ።

ከዚህ በኋላ የቀራቸው ዘመን አጭር ነበረ። በ1846 ዓመተ ምሕረት ማብቂያ በጎንደር ከአቡነ ያዕቆብና ከሌሎች ወንድሞች ጋር ተያዙ፤ አቡነ ሰላማ የካቶሊክን ትምህርት ይቃወሙ ነበርና። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን እግራቸው በግንድ ገብቶ ታሰሩ፤ ተገረፉም። የያዙትን እንዲተዉ ደጋግመው ተጠየቁ፤ እንቢ አሉ። ስሕተት መሆኑን ባወቁ ጊዜ የዕድሜ ልክ ትምህርታቸውን ሳይሳሱ የተዉ እኒያው ሰው፥ አሁን በሰንሰለት ሳሉ ሊተዉ አልወደዱም። ይህ ግትርነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ግትር ሰው ራሱን አይመረምርም እላለሁ፤ እርሳቸው ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ ኖረው ነበር።

በ1847 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሡ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አባ ገብረ ሚካኤል በንጉሡ ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደንና ሌሎችም ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዘለዓለም እስራት ተለወጠ። ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ክረምቱን በጭቃና በዝናም ከዘመቻው ሠራዊት ጋር ተጓዙ። በስድሳ አራት ዓመታቸው፥ በበሽታ ደክመው፥ በነሐሴ ወር 1847 ዓመተ ምሕረት በመንገድ ዳር ዐረፉ፤ እዚያውም ተቀበሩ። የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ደቀ መዝሙራቸው ታሪካቸውን ጽፈው ባያቈዩልን ኖሮ ከዚህ ብዙው ይጠፋ ነበር። አቡነ ያዕቆብም ከአምስት ዓመት በኋላ፥ እንደዚሁ በመንገድ ላይ ሳሉ ሞቱ። አባ ገብረ ሚካኤል በመስከረም 23 ቀን 1919 ዓመተ ምሕረት በሮማ ብፁዕ ተባሉ።