ትንፋሽ አድማጩ ሐኪም

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በፓሪስ ሆስፒታሎች የሳንባ ነቀርሳ ብዙዎችን ይቀጥፍ ነበር። ሐኪሞች በሕመምተኛው ደረት ውስጥ የደረሰውን ጉዳት በርግጥ የሚያውቁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛው ከሞተ በኋላ፣ አስከሬኑ ሲመረመር ነበር። በሽታውን በሕይወት ካለ ሰው ትንፋሽ ለይቶ የማወቅን መንገድ የከፈቱት ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ናቸው።

ላኤኔክ እ.ኤ.አ በ1781 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሬታኝ ግዛት፣ በኬምፔር ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቱባቸው፤ የሞታቸው ምክንያትም ይኸው በሽታ እንደነበር ይነገራል። በናንት ከተማ ሐኪም በነበሩት አጎታቸው ዘንድ አድገው የሕክምናን ትምህርት ጀመሩ፤ በ1801 ደግሞ ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ ፓሪስ አቀኑ። ዋሽንት መንፋትም ይወዱ ነበር።

በ1816 የልብ ሕመም ምልክት የታየባት አንዲት ወጣት ወደ እርሳቸው መጣች። ጆሮን በሴት ደረት ላይ አስጠግቶ ማዳመጥ ነውር ሆኖ ስለታያቸው ወረቀት አጥብቀው ጠቀለሉና አንዱን ጫፍ በደረቷ፣ ሌላውን በጆሯቸው ላይ አደረጉ። የልቧን ምት ከዚያ በፊት ሰምተውት በማያውቁት ጥራት ሰሙ። በኋላም ራሳቸው ከእንጨት ቀርጸው ዋሽንት መሰል ቱቦ ሠሩ። ስሙንም ደረትንና መመልከትን ከሚገልጹ የግሪክ ቃላት አውጥተው ስቴቶስኮፕ አሉት።

በኔከር ሆስፒታል የሕሙማንን ትንፋሽ እያዳመጡ የሰሙትን ሁሉ መዘገቡ። ሕመምተኛው ሲሞትም የሰሙትን ድምፅ በሳንባው ላይ ካዩት ጉዳት ጋር አነጻጸሩ። አየር በማይገባበት የሳንባ ክፍል ትንፋሹ ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ በሽታው ቦርቡሮ ባዶ ባደረገው ስፍራ ላይ ደግሞ የሕመምተኛው ንግግር ከደረቱ የሚወጣ ያህል በቱቦው ይሰማል። ይህን ሁሉ በ1819 በመጽሐፍ አሳተሙ።

ዕውቀቱ ግን ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረውም። በ1826 የመጽሐፋቸውን ሁለተኛ እትም ሲያጠናቅቁ ሳልና ትኩሳት አደከማቸው። ሐኪም የነበረው ዘመዳቸው ሜሪያዴክ ደረታቸውን በዚያው መሣሪያ ሲያዳምጥ፣ እርሳቸው በሌሎች ላይ ደጋግመው የሰሙትን ድምፅ ሰማ። ላኤኔክ ወደ ትውልድ ግዛታቸው ተመልሰው ነሐሴ ወር ላይ በ45 ዓመታቸው አረፉ። ስቴቶስኮፓቸውንም ከውርሳቸው ሁሉ የላቀ አድርገው ለሜሪያዴክ ተናዘዙለት።

የበሽታውን ተህዋሲ ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ ያገኙት ከ56 ዓመታት በኋላ፣ በ1882 ነው። ፈዋሽ መድኃኒትም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተገኘ። ዛሬ ተመራማሪዎች ከሰው አፍ በሚወጣ አየር ውስጥ የበሽታውን አሻራ ለመለየት እየጣሩ ነው። ላኤኔክ ያላገኙት ፈውስ ዛሬ በጤና ተቋማት አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ፈጥኖ ከተመረመረና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከጨረሰ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።