መስታወቱን የቱ ላይ ነካ? የኢብን አል ሃይሰም ሕይወት

ለባግሩት ፊዚክስ የምንዘጋጅ ልጆች ስለ ጎድጓዳ መስታወት ስንጠየቅ ወደ ቀመሩ ነው የምንሮጠው። የትኩረት ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሻማው 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢቆም፣ ምስሉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ተገልብጦ በግማሽ አንሶ ይገኛል። በቃ፣ አለቀ። ይህ ቀመር ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ግን በዚህ ነገር ብዙ የደከመ ሰው ነበር፤ ሐሰን ኢብን አል ሃይሰም።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በባስራ፣ በዛሬዋ ኢራቅ ነው። የናይልን ጎርፍ መቆጣጠር ይቻላል ማለቱ ካይሮ ተሰማና ኸሊፋው አል ሃኪም አስጠራው ይባላል። ያ ጎርፍ ለወላጆቻችን እንግዳ አይደለም፤ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ የክረምት ውሃ ነው፣ የጎንደሩም ጭምር። ሰውየው ወንዙን ተከትሎ እስከ አስዋን አካባቢ ሄደ። በመንገዱ የጥንት ግብፃውያንን ሕንፃዎች አየና፣ ቢቻል ኖሮ እነዚህ ይሠሩት ነበር ብሎ አሰበ። እንደማይሆን ገባው።

አሁን ይህን ማን ለአል ሃኪም ይንገር? ሰው ማስገደል የማይከብደው ገዥ ነበር። እንደ ምንም ተናግሮ ሹመት ቢሰጠውም ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ስለዚህ እብድ መስሎ ተቀመጠ። ንብረቱ ተወስዶ፣ ቤቱ ተዘግቶበት፣ ኸሊፋው በ1021 እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያ ኖረ ይላሉ።

በእይታ ላይ የጻፈው ሰባት ክፍል ያለው ትልቁ መጽሐፉ የዚያ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። ብዙዎቹ ግሪኮች ጨረር ከዓይን ይወጣል ሲሉ፣ እሱ ብርሃን ወደ ዓይን ይገባል አለ፤ ፀሐይን ትክ ብሎ ማየት ዓይን ያማል አይደል? ከባዱ ጥያቄው ግን የመስታወቱ ነው። እዚህ መብራት፣ እዚያ ዓይን፣ መሀል ላይ ኳስ መሳይ መስታወት አለ። ጨረሩ የቱ ላይ ነክቶ ነው ዓይን የሚደርሰው? ዝርግ መስታወት ቢሆን ቀላል ነበር። ክቡ ግን በእያንዳንዱ ነጥብ ዝንባሌው ይለያል። እሱ በክብና በሌላ ጠማማ መስመር መገናኛ ፈታው፤ እኛ ሥዕሉን ብቻ ለመከተል አንድ ምሽት ፈጅቶብናል።

ነፃ ከወጣ በኋላ የኤውክሊድን መጻሕፍት እየገለበጠ በመሸጥ ይተዳደር ነበር ይባላል። በ1040 ገደማ ካይሮ ሞተ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ፤ ጥያቄውም እስከ ዛሬ በላቲን ስሙ የአልሃዜን ጥያቄ ይባላል።