ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶና የሰው ጠባይ

ሰው ጠባዩን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ይወጣልን ወይስ አድጎ ይማረዋል? በክፍላችን ስለዚህ ብዙ ከተከራከርን በኋላ፣ መልሱን ከጉራጌ ምድር ከወጡት ከአንድ ጀግና ሕይወት ለመፈለግ አሰብን።

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ገና በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ቆስለው ተገኙና በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት በመድፍ ተኩስ ስማቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ከዚያም ሲዳሞንና ሐረርጌን ገዙ። ቁጡና ለማንም የማይበገሩ ሰው ነበሩ።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም እንዲሁ በልጅነታቸው ተማርከው በዚያው ግቢ ያደጉ ናቸው፤ ነገር ግን በትዕግሥታቸውና በብልሃታቸው ይታወቁ ነበር፤ የፈረስ ስማቸውም አባ መላ ነበር። አንድ ግቢ ሁለቱን ካሳደገ፣ ልዩነታቸው ከወዴት መጣ?

የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ጠባይን ከደምና ከሐሞት ሲያገናኙ፣ የእኛም ሊቃውንት ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት መገኘቱን አስተምረዋል። በ1936 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጎርደን ኦልፖርት ከባልደረባው ጋር ሆኖ ሰውን ከሰው የሚለዩ 18 ሺህ ያህል ቃላት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለቀመ። ሃንስ አይዘንክ ደግሞ የጠባይን ልዩነት ከአንጎል የንቃት ልክ ጋር አያያዘው። መንትዮችን ያጠኑ ሊቃውንት እንዳገኙት፣ በሰዎች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከዘር የሚወረስ ነው። የሁለት መኳንንት ታሪክ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም፣ ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

የቀረውን ግማሽ ደግሞ የባልቻ ፍጻሜ ያስታውሰናል። በ1920 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር በተጣሉ ጊዜ ብዙ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ነገር ግን ግብዣ ላይ ሳሉ ሠራዊታቸው በዘዴ ተበተነባቸው። ከሹመታቸው ተሽረው ወደ ገዳም ገቡ። የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ግን ሽማግሌው ቂማቸውን ትተው ከገዳም ወጡ፤ ሲዋጉም በ1929 ዓ.ም. ወደቁ። ሹመታቸውን ያሳጣቸው ያው እሳት በመጨረሻ ክብር ሆነላቸው።

ስለዚህ በክፍላችን ቁጡ የምንለውን ጓደኛችንን ተፈጥሮው ነው ብለን አንተወው፤ ስለ ቁጣውም አንናቀው። ይልቁንስ ያን እሳት ለምን ሥራ እንደሚያውለው አብረነው እናስብ።